ሦስተኛው ቡድን ስንት ሰው አለው? የእንግሊዝ አማተር የክሪኬት ክለቦችና መጪው የውድድር ዘመን

ክቡራትና ክቡራን፣ ወላጆችና ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችሁ ክሪኬትን ያወቃችሁት በልጆቻችሁ በኩል ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ የሰፈሩ ክለብ ምዝገባ እንደጀመረ ይነግራችኋል፤ እናንተም «ይሄ ክለብ እንዴት ነው? ዘንድሮስ ተስፋ አለው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ነው። የምናገረው ስለ እንግሊዝ የሰፈርና የከተማ አማተር ክለቦች ነው፤ በቴሌቪዥን ስለምታዩዋቸው ስለ ካውንቲዎችና ስለ ብሔራዊ ቡድኑ አይደለም። ወሮቹንም እዚህ አገር እንደሚጠሩት እጠራቸዋለሁ።

የክለቦች ሊግ የሚጀምረው ከኤፕሪል አጋማሽ በኋላ ነው፤ የሚያልቀው በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት። ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው። ጨዋታው እኩለ ቀን አካባቢ ይጀምርና አመሻሽ ላይ ያበቃል። በአብዛኛው ሊግ እያንዳንዱ ቡድን 40፣ 45 ወይም 50 ኦቨር ይመታል፤ አንድ ኦቨር ለመቺው የሚወረወር 6 ኳስ ነው። መካከለኛ የሚባል ክለብ ቅዳሜ ሦስት ወይም አራት ቡድን ያሰልፋል፣ እሑድ የወዳጅነት ጨዋታ ይኖረዋል፣ በሥራ ቀን ምሽቶች ደግሞ ሜዳው የልጆች ነው። ሊጎቹ ከመንደር ምድብ እስከ ክሪኬቱ ፕሪሚየር ሊግ በደረጃ የተያያዙ ናቸው፤ የበረታ ይወጣል፣ የደከመ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጥያቄው። በማርች ወር ክለብ ቤት ጎራ ብትሉ ወሬው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ቡድን ነው፦ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ከአውስትራሊያ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ማን ይመጣል። እኔ ግን የክለብን ተስፋ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከታች ጀምሮ እንዲቆጥር እመክራለሁ። ሦስተኛው ቡድን ስንት ሰው አለው? መልሱን ስትሰሙ የመጀመሪያው ቡድን በኦገስት የት እንደሚሆን ግማሹን አወቃችሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ለአንድ ቡድን 11 ሰው ሲሆን ሦስት ቡድን ያለው ክለብ በየቅዳሜው 33 ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ማንም ሰው ሁሉንም ቅዳሜ አይጫወትም፤ ሠርግ አለ፣ የቤተሰብ ጉዞ አለ፣ የሥራ ፈረቃ አለ፣ የተጎዳ ጣት አለ። ከ10 ተመዝጋቢ 7ቱ በአንድ ቅዳሜ ይገኛሉ ብለን ብናስብ 33 ሰው ለማግኘት 47 ሰው በመዝገቡ ላይ መኖር አለበት። 38 ሰው ይዞ የሚጀምር ክለብ በወረቀት ላይ የተረፈው ይመስላል፤ በተግባር ግን ቅዳሜ ጠዋት 27 ሰው ነው ያለው።

ያን ጊዜ ምን ይሆናል? ከመጀመሪያው ቡድን ሁለት ሰው ሲቀር የቡድን መራጮች ከሁለተኛው ሁለት ይወስዳሉ። ሁለተኛው ለራሱ የጎደሉትን ጨምሮ አራት ከሦስተኛው ይወስዳል። ሦስተኛው ቡድን ሰባትና ስምንት ሰው ይዞ ይወጣል፣ ወይም ዓርብ ማታ ጨዋታውን ለተጋጣሚው ይለቃል። ጨዋታ መልቀቅ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ሲደጋገም ቡድኑ ከሊጉ ይሰረዛል። ጉዳቱ ግን ከነጥቡ ይበልጣል። በሦስተኛው ቡድን ውስጥ ያለው ማን ነው? የ14 ዓመት ልጅ፣ ሥራ የሚበዛበት ጀማሪ፣ የ55 ዓመት አንጋፋ። የልጁ ጨዋታ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከተሰረዘ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ እግር ኳሱ ተመልሷል። አንጋፋው በዚያው ያቆማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከላይ ሰው ሲጎድል ከታች የሚወጣ የለም። ክለቦች የሚዳከሙት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የታችኛው ቡድን ይዘጋል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ይወርዳል።

ስለዚህ ጸሐፊውን ወይም አምበሉን ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለፈው ዘመን የመጨረሻው ቡድን ስንት ጨዋታ ለቀቀ? በማርች መጨረሻ ስንት ሰው ክፍያውን ፈጽሞ በፕሌይ-ክሪኬት፣ ማለትም በክለቦች መመዝገቢያ ድረ ገጽ፣ ተመዝግቧል? ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ስንት ልጆች ባለፈው ዘመን ከአዋቂዎች ጋር ተጫወቱ? ምዝገባውን አትናቁት። ሳይመዘገብ የተሰለፈ ተጫዋች ክለቡን ያሸነፈበትን ጨዋታ ነጥብ ሊያሳጣው ይችላል፤ በወቅቱ የመጀመሪያ ቅዳሜዎች ደጋግሞ የሚደርስ ጥፋት ነው።

«ታዲያ አንድ ትልቅ ተጫዋች አያድንም?» የሚል ይኖራል። በታሪክ ያዳነበት ጊዜ አለ። በ1892 የተመሠረተው የላንካሻየር ሊግ የትናንሽ የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች ሊግ ነው፤ እያንዳንዱ ክለብ አንድ ባለሙያ፣ ማለትም ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች፣ ይቀጥራል። ከትሪኒዳድ የመጣው ሊሪ ኮንስታንታይን ከ1929 እስከ 1937 ለኔልሰን ክለብ ተጫወተ፤ በእነዚያ 9 ዓመታት ክለቡ 7 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሰው በኋላ ጠበቃ ሆነ፣ በ1969 ደግሞ የሎርዶች ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። ሕንዳዊው ካፒል ዴቭም ለኔልሰን ተጫውቷል፤ በ1987 ደግሞ የዌስት ኢንዲስ ኮከብ ቪቭ ሪቻርድስ ለሪሽተን ክለብ ተጫውቷል። ነገር ግን የኮንስታንታይን ዘመን ክለቦች ከተማው ሁሉ ትኬት ቆርጦ የሚገባባቸው ነበሩ፤ ባለሙያው ደመወዙን በመግቢያው በር በኩል ይመልስ ነበር። ዛሬ ለአማተር ክለብ ጨዋታ ትኬት የሚቆርጥ ሕዝብ የለም። ለአንድ ኮከብ የሚወጣው ገንዘብ ከልጆች አሠልጣኝ፣ ከሜዳው አፈርና ከዝናብ መሸፈኛው ይቀነሳል። በዚያ ላይ የቪዛ ሕጉ አማተርን ከባለሙያ የሚለይበት መስመር ጥብቅ ነው፤ ሳያጣራ ሰው ያስመጣ ክለብ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከውጭ የሚመጣው ተጫዋች ጥሩ የሚሆነው ማክሰኞ ማታ ልጆችን የሚያሠለጥን፣ ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ሜዳውን የሚያግዝ ሲሆን ነው፤ ያውም የሥራ ፈቃዱ ያንን የሚፈቅድለት ከሆነ።

ቀጥሎ የሚቆጠረው ኳስ ወርዋሪው፣ ማለትም ቦውለሩ ነው። በ45 ኦቨር ጨዋታ ሊጉ ለአንድ ሰው 9 ኦቨር ብቻ ከፈቀደ ቡድኑ ቢያንስ 5 ቦውለር ያስፈልገዋል። ሦስት ቡድን 15 ማለት ነው። ብዙ ክለብ ባተር፣ ማለትም መቺ፣ አያጣም፤ መምታት ሁሉም ይወዳል። ቦውለር ግን ይቸግራል፣ በተለይ ፈጣኑ። የጎደለውን ለመሙላት አምበሎች እጃቸውን የሚዘረጉት ወደ ልጆቹ ነው፤ እዚህ ላይ ወላጆች ነቅታችሁ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ።

የእንግሊዝና ዌልስ የክሪኬት ቦርድ ለወጣት ፈጣን ቦውለሮች ገደብ አውጥቷል። ከ15 ዓመት በታች ምድብ ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ6 ኦቨር፣ በቀን ደግሞ ከ12 ኦቨር በላይ መወርወር የለበትም። አንዴ ካረፈ በኋላ እርሱ የወረወረውን ያህል ኦቨር ሌሎች እርሱ ከወረወረበት የሜዳው ጫፍ እስኪወረውሩ ድረስ መመለስ አይችልም። ምክንያቱ የታችኛው የጀርባ አጥንት ነው። ፈጣን ቦውለር ኳሱን ሲለቅ የፊት እግሩን መሬት ላይ አጥብቆ ይተክላል፣ ወገቡ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛልም። ገና በማደግ ላይ ያለ አጥንት ይህ ሲደጋገምበት ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። የሚድነው በወራት እረፍት ነው። ልጁ «ጀርባዬን በአንድ በኩል ያመኛል፣ ወደ ኋላ ስለጠጥ ይብሳል» ካላችሁ በዚያው ሳምንት መወርወሩን ያቁምና ሐኪም ይየው፤ ቅባትና እሽት ብቻ አድርጎ ወደ ሜዳ መመለስ ወቅቱን ሁሉ ያሳጣል።

ለአዋቂውም ቢሆን ጉዳቱ የሚጀምረው ከክረምቱ ዝግጅት ነው። እስከ ኤፕሪል አንድም ኳስ ሳይወረውር ቆይቶ በመጀመሪያው ቅዳሜ 9 ኦቨር የሚጥል ሰው በሜይ አጋማሽ የጎን ጡንቻው ወይም ባቱ ተጎድቶ ታገኙታላችሁ። ደህና ፕሮግራም ከጃንዋሪ መጨረሻ ይጀምራል፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 24 ኳስ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 6 እየጨመሩ እስከ 54 ወይም 60። የቤት ውስጥ አዳራሽ ወለል ጠንካራ ስለሆነ ቅልጥምና ተረከዝ ያማል፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ግዴታ ነው፣ ሁለቱ ቀኖችም ተከታታይ መሆን የለባቸውም።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ፤ ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ተመልካቹ የማያየው የክለቡ ዕድል ያለው መሬቱ ውስጥ ነው።

ጨዋታው የሚካሄድበት ፒች ከአንዱ ዊኬት (ከመቺው ኋላ የሚተከሉት ሦስት የእንጨት ዘንጎች) እስከ ሌላው 22 ያርድ ነው፣ ማለትም 20.12 ሜትር፤ ወርዱ 3.05 ሜትር። ብዙ ፒች ጎን ለጎን ያሉበት የሜዳው መሐል ስኩዌር ይባላል፤ የአማካይ ክለብ ስኩዌር 10 ያህል ፒች ይይዛል። አፈሩ ተራ የአትክልት አፈር አይደለም። ሸክላው ከ25 እስከ 30 በመቶ የሆነ፣ ለክሪኬት ተብሎ የተዘጋጀ አፈር ነው። ሸክላው ሲጠቀጠቅና ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ኳሱ ተመልሶ የሚነሣው ለዚህ ነው።

የመጪው ዘመን ፒች የሚሠራው ባለፈው ሴፕቴምበር ነው። የመጨረሻው ጨዋታ እንዳለቀ ሣሩ እስከ ታች ይታጨዳል። ከዚያ በማሽን ተቧጭሮ ከሥሩ የተከማቸው የሞተ ሣር ይወጣል፤ ይህ ሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ ይደገማል። በተከፈተው መስመር ራይግራስ የተባለው የሣር ዘር በካሬ ሜትር ከ35 እስከ 50 ግራም ይዘራል። በላዩ ለአንድ ፒች ከ8 እስከ 10 ከረጢት አዲስ አፈር ይለብሳል፤ ከረጢቱ 25 ኪሎ ነው። 10 ፒች ሲሆን ከ2 እስከ 2.5 ቶን መሆኑ ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያነሣው የክለቡ በጎ ፈቃደኛ ነው። በኖቬምበርና በዲሴምበር መሬቱ በሹል ብረት ይበሳል፣ አየርና ውኃ ወደ ታች እንዲገባ፣ ሥሩም እንዲከተል።

ብዙ ክለብ የሚሳሳተው አፈሩ ላይ ነው። አንድ ዓመት ርካሽ ያገኘውን፣ ሌላ ዓመት የተለገሰውን ያለብሳል። የሸክላ መጠናቸው የተለያየ ሁለት አፈሮች ሲደርቁ እኩል አይሸማቀቁም፤ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ያንን ክፍተት ከላይ ማንም አያየውም፤ ኳሱ ግን ያውቀዋል። ወድቆ መነሣት ሲገባው ይሞታል፣ ወይም አንዱ ጉልበት ላይ ቀርቶ ቀጣዩ ደረት ላይ ይመጣል። መኖሩን ለማረጋገጥ ከፒቹ ጫፍ አካባቢ በቱቦ መሰርሰሪያ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ናሙና አውጡና በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ እጠፉት። ጤነኛ አፈር ያለ ሥርዓት ይሰበራል፣ የሣር ሥሩም ስባሪዎቹን አንጠልጥሎ ይይዛቸዋል። ችግር ያለበት አፈር እንደተቆረጠ ሆኖ በአግድም ይለያል፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ናሙና ስታዩ በዚያው ጥልቀት ላይ ይለያል። የሣሩም ሥር እዚያ መስመር ላይ ደርሶ ወደ ጎን ታጥፎ ታገኙታላችሁ። ይህን የሚያክም የአንድ ዓመት ሥራ የለም፤ በየመኸሩ ጠልቆ መብሳት፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት አፈር ብቻ መጠቀም ነው። ስኩዌሩ እንዲህ የሆነበት ክለብ ጥሩ ባተር ቢኖረውም ብዙ ራን፣ ማለትም የጨዋታ ነጥብ፣ አያገባም፤ ቡድን ሲያወጣ ይህን ማሰብ አለበት።

በማርች ሮለሩ፣ ማለትም መሬቱን የሚጠቀጥቀው ከባድ ተንከባላይ ብረት፣ ይወጣል። መሬቱ በዚህ ጊዜ የሸክላ ሠሪ እጅ ውስጥ ያለ ጭቃ ሊመስል ይገባል፦ ሲጫኑት የሚተኛ፣ ግን የማይጣበቅ። መጀመሪያ በሣር ማጨጃው ክብደት፣ ከዚያ በግማሽ ቶን፣ መጨረሻ ላይ ከአንድ ቶን በላይ በሆነ ሮለር፣ በርዝመትም በአግድምም በሰያፍም ይሄዱበታል። ፍጥነቱ ሰው በእርጋታ ከሚራመደው ያነሰ ነው። ዓይናችሁ ሮለሩ ፊት ያለው መሬት ላይ ይሁን። መሬቱ በሮለሩ ፊት እየተነሣ እንደ ሞገድ ከገፋ ገና እርጥብ ነውና አቁሙ፤ ከቀጠላችሁ ሥሩን ትቆርጡታላችሁ፣ ላዩንም ትለስኑታላችሁ። ተረከዛችሁን ብትጫኑ ምልክት የማይቀር ከሆነ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንከባለል ነዳጅ ማቃጠል ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በዝናባማ ዓመት አሥር ቀን ላይሞላ ይችላል። ሮለሩ በዚያ ሳምንት ተበላሽቶ ጋራዥ የገባበት ክለብ እስከ ጁን ድረስ ለስላሳ ፒች ላይ ይጫወታል። ስለዚህ የሮለሩ ሞተር፣ ቀበቶና ባትሪ በፌብሩዋሪ ይታይ።

ለአንድ ጨዋታ የሚሆን ፒች ከ10 እስከ 12 ቀን ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ሣሩ ወደ 6 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ የተኛው በጠንካራ መጥረጊያ ይነሣና ይታጨዳል፣ ከዚያ መሬቱ እስኪጠግብ ውኃ ይጠጣል። ውኃው ሰርጎ ሲያልቅ በየቀኑ መንከባለል ይጀመራል፤ በመካከሉ ሣሩ ወደ 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ይሄዳል። ማታ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈኛው ይገባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ወዲያው ይነሣል፣ ታፍኖ የዋለ ሣር ፈንገስ ያወጣልና። ከጨዋታው በኋላ ቦውለሮቹ እግራቸውን የሚተክሉበት ጉድጓድ ተጠርጎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በእርጥብ ሸክላማ አፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። እሑድ ጠዋት ይህን የሚሠራ ሰው የሌለው ክለብ በጁላይ የሚጫወትበት ፒች ያጥረዋል።

ይህን የሚሠሩት ሰዎች በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ብዙ ክለብ ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ቢታመም ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው አለ? ለእኔ ይህ ጥያቄ ከአዲሱ ተጫዋች ዜና በላይ ይመዝናል። የራሱ ሜዳ የሌለው፣ ከአካባቢው ምክር ቤት የሚከራይ ክለብ ደግሞ ዝግጅቱ በእጁ አይደለም፤ እርሱ ሰው ሠራሽ ፒች ቢያስነጥፍና ለልጆችና ለታችኛው ቡድን ቢጠቀምበት ይሻለዋል።

እንግዲህ በግምቴ መጪው ዘመን የሚቀናቸው የራሳቸው ሜዳ ያላቸው፣ በሴፕቴምበር ሥራቸውን የጨረሱ፣ ከ13 እስከ 17 ያሉ ልጆችን ወደ ታችኛው ቡድን ማስገባት የጀመሩ ክለቦች ናቸው። የሚቸገሩት በአራት አምስት ጎልማሶች ትከሻ ላይ የቆሙት፣ ባለፈው ዘመን የመጨረሻ ቡድናቸውን ደጋግመው የለቀቁት ናቸው። እነዚህ ክለቦች አራት ቡድን አስመዝግበው ሦስቱን ከሚያጎድሉ ሦስት አስመዝግበው ሦስቱንም ቢሞሉ ይሻላቸዋል። ውሳኔው በክረምት የሚወሰን ነው፤ ከወቅቱ መሐል ቡድን ማፍረስ ለተጋጣሚዎችም ለሊጉም ችግር ነው።

በሜይ ሰንጠረዡን አይታችሁ አትፍረዱ። በኤፕሪል መሬቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ኳሱ በዝግታ ይነሣል፣ ከመስመሩም ይወጣል። ኳሱን በትክክለኛው ቦታ እየደጋገመ የሚጥል መካከለኛ ቦውለር ያን ጊዜ ንጉሥ ነው። በዝናብ የተሰረዘ ጨዋታ ለሁለቱም ጥቂት ነጥብ ስለሚሰጥ ጥሩ መሸፈኛ ያለው ክለብ ሲጫወትና ሲያሸንፍ ሌላው ቤቱ ይቀመጣል። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ደግሞ የ16 እና የ18 ዓመት ልጆች ፈተና ላይ ናቸው። ሰንጠረዡ እውነቱን መናገር የሚጀምረው በጁላይ ነው።

ለእኛ ቤተሰቦች ደግሞ የራሳችን የቀን አቆጣጠር አለ። ፋሲካችን በኤፕሪል 4 እና በሜይ 8 መካከል ስለሚውል ቅዳሜ ሹር ከወቅቱ የመጀመሪያ ጨዋታዎች ጋር ሊገጥም ይችላል። ልጁ በዚያ ቅዳሜ የማይገኝ ከሆነ ለአምበሉ በማርች ይነገረው፤ ዓርብ ማታ የሚነገር መቅረት ነው ክለብን የሚጎዳው፣ ቀድሞ የተነገረውን ሁሉም ያከብራል። በጾሙ ሳምንታት የሚጫወትም ካለ በጨዋታው መካከል ያለውን የሻይ ሰዓት አስቡበት። ድሮ ባለሜዳው ክለብ ሳንድዊችና ኬክ ያቀርብ ነበር፤ ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ሊጎች እያንዳንዱ የራሱን ይዞ እንዲመጣ ስላደረጉ ሽሮ ፍትፍት ይዞ መሄድ ማንንም አያስገርምም።

የልጆች መግቢያው በዕድሜ የተከፈለ ነው። ከ5 እስከ 8 ላሉት በ2017 የተጀመረው ኦል ስታርስ አለ፣ ከ8 እስከ 11 ዳይናሞስ፤ ሁለቱም በለስላሳ ኳስ ናቸው። ከዚያ ጠንካራው ኳስ ይመጣል፤ እስከ 13 ዓመት በታች ምድብ 134 ግራም ያህል የሚመዝነው ነው፣ የአዋቂ ወንዶች ከ156 እስከ 163 ግራም ነው። ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ሊጫወት ሲል የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ከ15 ዓመት በታች ምድብ ያለ ልጅ ከመቺው ዊኬት 8 ያርድ፣ ማለትም 7.3 ሜትር ቀርቦ መቆም በአብዛኛው ቦታ አይፈቀድለትም፤ ከ13 በታች ምድብ ከሆነ 11 ያርድ። ይህ ሲጣስ ካያችሁ ከመስመሩ ውጭ ሆናችሁ ለአምበሉ መናገር መብታችሁ ነው። ሴቶች ልጆቻችሁንም አምጡ፤ ዛሬ ክለቦች በጣም የሚፈልጓቸው እነርሱን ነው፣ በብዙ ቦታ የሴቶቹ ቡድን የክለቡን ምሽት እንደ አዲስ ሞልቶታል።

ሌላ በግልጽ ሊነገር የሚገባ ጉዳይ አለ። በ2023 ይፋ የሆነው የገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርት በእንግሊዝና በዌልስ ክሪኬት ውስጥ ዘረኝነት፣ የሴቶች መገለልና የመደብ አድልዎ ተስፋፍቶ እንዳለ አረጋግጧል። ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁን እንድትከለክሉ አይደለም፤ ጠይቃችሁ እንድትገቡ ነው። የልጆች ደኅንነት ኃላፊው ማነው፣ ስሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል ወይ? አሠልጣኞቹ የወንጀል መዝገብ ምርመራ አልፈዋል ወይ? አቤቱታ ቢኖር ለማን ይቀርባል? በደንብ የሚሠራ ክለብ በአንድ ደቂቃ ይመልስላችኋል። በ2020 በሰሪ ካውንቲ የተጀመረው፣ ኤቦኒ ሬይንፎርድ-ብሬንት የመሠረተችው ኤሲኢ የተባለ ፕሮግራምም አለ። ኤቦኒ ለእንግሊዝ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ፕሮግራሙ የአፍሪካና የካሪቢያን ዝርያ ያላቸውን ወጣቶች የሚፈልግ ነውና ልጆቻችንንም ይመለከታል።

ዕቃ ስትገዙ አትቸኩሉ። ፓድ፣ ማለትም የእግር መከላከያ፣ እና ጓንት ክለቡ ያውሳችኋል። መጀመሪያ የሚገዛው ልጁን የሚጠብቀው የብልት መከላከያና ጥሩ ጫማ ነው፤ ቀጥሎ ሄልሜት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ጠንካራ ኳስ ሲመታ ሄልሜት ማድረግ አለበት። ስትገዙ ከውስጡ BS 7928:2013 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ በጠንካራ ኳስ ከተመታ በኋላ ስንጥቅ ባይታይም ይቀየራል።

በባት፣ ማለትም በመምቻው፣ ላይ የሚሠራው ስሕተት «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ነው። የከበደ ባት ልጁን የላይኛው እጁን ትቶ በታችኛው እጁ ብቻ እንዲመታ ያስለምደዋል፤ ኳሱ ወደ አየር ይሄዳል፣ ልማዱን ለማስለቀቅ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ልጁ በላይኛው እጁ ብቻ ይዞ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ጥቂት ሰከንድ ማቆየት ካልቻለ ባቱ ከብዶታል።

አዲስ ባት ከአኻያ እንጨት የተሠራ ነው፤ እንደተገዛ ለጨዋታ አይደርስም። ያልተፈላ የተልባ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በጨርቅ ተነክሮ ፊቱና ጠርዙ ይቀባል። እጀታው ከባቱ ጋር የሚገናኝበትን ሦስት ማዕዘን አትንኩ፣ ማጣበቂያውን ይለቀዋልና። ባቱን አግድም አስተኝታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ይህን ሁለት ጊዜ ድገሙት። ፊቱ ላይ ስስ ላስቲክ የተለጠፈበት ባት ከሆነ ዘይቱ የሚነካው ያልተሸፈነውን እንጨት ብቻ ነው። ከዚያ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ይጀመራል፣ በጠቅላላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ጠርዙ ፊት ለፊት አይመታም፤ መዶሻው በሰያፍ ይዞ ማዕዘኑን እስኪያዞረው ድረስ ነው። ቀጥሎ በአሮጌ ኳስ ቀላል ልምምድ፤ በአዲስ ኳስ ከጀመራችሁ ፊቱ ይሰነጠቃል። የባቱ ጫፍ መሬት የሚነካው ስለሆነ በኤፕሪል እርጥብ ፒች ላይ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ የጎማ መከላከያ ይለጠፍበት፣ ከጨዋታ በኋላም በጨርቅ ይድረቅ። መኪና ውስጥ፣ ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት።

ምዝገባው በብዙ ክለብ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ክፍት ነው። የክረምት ልምምድ በትምህርት ቤት አዳራሾች እየተካሄደ ነው፤ ሰዓት በማርች የመጨረሻ እሑድ ሲቀየር ምሽቱ ስለሚረዝም ወደ ሜዳ ይወጣል። በዚያው ሰሞን አብዛኞቹ ክለቦች የጽዳት ቅዳሜ አላቸው፦ መረቦች ይሰቀላሉ፣ መቀመጫዎች ቀለም ይቀባሉ፣ መቺው ኳሱን አጥርቶ እንዲያይ የሚቆመው ነጭ ሰሌዳ ይታጠባል። ከመመዝገባችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ በዚያ ቀን ሂዱ፤ ስንት ሰው እንደመጣ ትቆጥራላችሁ፣ የሜዳውንም ሰው ስኩዌሩ ዳር ታገኙታላችሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።